ሁለት ጫማ የዘገየ ደወል

አያ ቢተው ማረፋቸውን የነገረኝ ከአንኮበር በግ ሊሸጥ ደብረ ብርሃን የወጣ የወንድማቸው ልጅ ነው። ከገበያ ሲመለስ በራፌ ላይ ቆመና ሳይቀመጥ፣ "እትዬ በላይነሽ፣ መርዶ ይዤ ነው የመጣሁት። አያ ቢተው አርፈዋል፤ ሐሙስ ቀበርናቸው" አለኝ። ነፍስ ይማር ማለት ሲገባኝ ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል "በስንት ሰዓት?" የሚል ሆነ።

ሰውየው ግራ ገብቶት አየኝ። "እንጃ፣ ፀሐይ ወጥታ ነበር" አለ።

አፈርኩ። ልቅሶዬ የመጣው እሱ ከሄደ በኋላ ነው። ሲመጣም ብቻውን አልመጣም፤ ስንት ዓመት ሙሉ ሲያብሰለስለኝ የኖረውን ነገር ይዞ መጣ። አያ ቢተውን እወዳቸው ነበር፤ ግን አንድ ቀን እንኳን በቅጡ ሳይገቡኝ ቀሩ። የሞተ ሰው መቼም ተመልሶ አያስረዳ፣ እኔው ራሴ የማውቀውን ልጻፈውና ይውጣልኝ ብዬ ነው የተነሣሁት።

ሙያቸው ባና መሸመን ነበር፤ ያን ብርድ የሚመክት ወፍራም የበግ ፀጉር ልብስ። ቤታቸው ከአንኮበር ወደ አሊዩ አምባ በሚወርደው መንገድ ዳር፣ ከአንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ነበር። የእኔና የባሌ ጎጆ ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ገደሉ አፋፍ ላይ ነች። ሚስታቸው ሞተውባቸው ብቻቸውን ይኖራሉ። ቅዱስ ሰው ነበሩ ብዬ ልዋሽ አልፈልግም። ሱረት፣ በአፍንጫ የሚሳበውን ትምባሆ፣ ይወዳሉ። ፀጉሩን ደህና አድርጎ ያልፈተለ ሰው ከመጣ ድሩን አፍንጫው ላይ ይወረውሩለታል። ከአንድ ጎረቤታቸው ጋር በአጥር ተጣልተው ስድስት ዓመት ሰላም ሳይባባሉ በአንድ ቅዳሴ ላይ ጎን ለጎን ቆመዋል። ግትር ነበሩ፤ ያውም ድምፅ ሳያሰሙ። እኔ ደግሞ ችኩል ነኝ፤ አፌም አያርፍም። ታደሰ፣ ባሌ፣ "አንቺ ተኝተሽም ትመልሻለሽ" ይለኝ ነበር። እንዴት እንደተዋደድን አላውቅም።

ከሽመናው ሌላ የቤተ ክርስቲያኑ የድንጋይ ደወል የሚደወለው በእሳቸው እጅ ነበር። በገና ጾም ረቡዕና ዓርብ ቅዳሴ የሚገባው በዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ሰዓቱ የሚታወቀው ደግሞ በጥላ። አጎታቸው የነበሩ መነኩሴ የእያንዳንዱን ወር የጥላ ልክ አስጠንተዋቸዋል። በታኅሣሥ፣ የቆመ ሰው ጥላ በራሱ ጫማ ዘጠኝ ሲሞላ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ ማለት ነው። ጫማ ስል መርገጫውን ማለቴ ነው፤ መጫሚያማ በእግራቸው ገብቶ አያውቅም። ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ካጎነበሱ ጥላው ስለሚያጥር የአናታቸው ጥላ ያረፈበት ላይ ድንጋይ የሚያስቀምጥላቸው ሌላ ሰው ያስፈልጋል። ከዚያ ከቆሙበት ተነሥተው ተረከዛቸውን ከአውራ ጣታቸው እያገናኙ እስከ ድንጋዩ ይቆጥራሉ። ድንጋይ አስቀማጯ እኔ ነበርኩ። ለምን እኔ እንደሆንኩ ማንም አልነገረኝም፤ ቤቴ ቅርብ ስለሆነ ይሆናል።

ጾሙ ሲገባ ሰውየው ሌላ ሰው ይሆናሉ። ጠብ የለ፣ ድር መወርወር የለ። ከሁሉ በላይ ግን ቀስ ይላሉ። ከቤታቸው እስከ ደወሉ መቶ እርምጃ አይሞላም፤ በጾሙ እኔ አንድ እንስራ ውኃ ቀድቼ ስመለስ እሳቸው ገና መንገድ ላይ ናቸው። ቆም ይላሉ፤ የአጥሩን ቅጠል ያያሉ፤ የገደሉን ጉም ያያሉ፤ ደግሞ ይራመዳሉ። አንድ ቀን አላስቻለኝም።

"አያ ቢተው፣ እግርዎን አመመዎት እንዴ?" አልኳቸው።

"አላመመኝም።"

"ታዲያ ምን ሆነው ነው እንዲህ የሚጎተቱት?"

"እንግዳ ሊመጣ ነው ተብሎ የለም? እንግዳ በሚመጣበት መንገድ ላይ እየሮጡ መተላለፍ ነውር ነው" አሉኝ።

በዚህ አላበቁም። ከገና በፊት ያሉትን ሦስት እሑዶች በጣታቸው እየቆጠሩ፣ "በስብከት ይመጣል ተብሎ ይነገርሻል። በብርሃን ያበራልሻል። በኖላዊ እንደ እረኛ ሆኖ በስምሽ ይጠራሻል" አሉ።

"እኔን ጠርቶኝ አያውቅም" አልኩ፤ ለማሾፍ ነው።

"ጠርቶሻል። ወፍጮ ላይ ነበርሽ፣ ደግሞም ታወሪ ነበር" አሉና ሱረታቸውን አውጥተው ሄዱ።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ሊጥ አቡክቼ ትቼ ስለመጣሁ ቶሎ ይለኩ ብዬ ነዘነዝኳቸው። እሳቸው ሆዬ ከመሬቱ ላይ ያንን ድንጋይ አንሥተው ከአንድ የአጥር እንጨት ጥላ ትንሽ ራቅ አድርገው አስቀመጡና፣ "ነይ ተቀመጪ። ጥላው ሲሄድ እይ" አሉኝ። ተቀመጥኩ። አፈጠጥኩ። አይሄድም። ልነሣ ስል ትከሻዬን ይዘው አስቀመጡኝ። ስለ ሊጡ ማሰብ ተውኩ፤ ቀጥሎ ስለ ታደሰ፤ ቀጥሎ ስለ ምንም። አንድ ጊዜ ሳየው ጥላው ድንጋዩ ላይ ወጥቷል።

"ሲሄድ አየሽው?"

"አላየሁትም።"

"ግን ደርሷል" አሉ።

ሊጡ ኮምጥጦ ጠበቀኝ። ያን ቀን ስለ እግዚአብሔር አንድ ነገር የገባኝ መስሎኝ ነበር፤ ማታ ለታደሰ ልነግረው ብሞክር ቃሉ ጠፋኝ።

ከዚያ ጣልያን መጣ። አንኮበር ላይ ሰፈረ፣ ባንዳ ሰበሰበ። ታደሰ እኔን የሦስት ወር እርጉዝ ትቶ ከአርበኞች ጋር ወደ ገደሉ ወረደ። አያ ቢተው ደግሞ ለጣልያን በቅሎዎች የጀርባ ልብስ መሸመን ጀመሩ። አዎ፣ ለጣልያን። በየወሩ የሸመኑትን ተሸክመው ወደ ጦር ሰፈሩ ይወጣሉ፤ ሲወጡም ሲመለሱም ሰው ፊቱን ያዞርባቸዋል። "ባንዳ ሆኑ" አሉ። እኔም አልኩ። ፊት ለፊት ነው የጠየቅኳቸው።

"ባሌ በረሃ ለበረሃ እየተንከራተተ እርስዎ የጣልያንን በቅሎ ያለብሳሉ?"

"በቅሎዋ ምን አደረገችሽ?" አሉኝ። ከዚያ በኋላ ግን ድንጋይ ማስቀመጡን አልተውኩም፤ ለምን እንዳልተውኩ አትጠይቁኝ።

ልጄ ተወልዶ ሰባት ወሩ ሲሆን የገና ጾም ገባ። ዘሃራ የምትባል የአሊዩ አምባ ነጋዴ ነበረች፤ ጨውና በርበሬ ይዛ ወደ አንኮበር ትወጣለች፣ ስትመለስ ከቆላ የታደሰን ወሬ የምታመላልስልኝ እሷ ነች። ከኖላዊ እሑድ በፊት ባለው ሰኞ መጣችና ጨው የምትሰፍርልኝ መስላ ጎንበስ አለች።

"ታደሰ ልጁን ሳላይ አልሄድም ብሏል። ጓደኞቹ ወደ መንዝ ሊሻገሩ ነው፤ ከሄዱ መቼ እንደሚመለሱ አላህ ያውቃል።"

"በየት ይመጣል? ባንዳው መንገዱ ላይ ነው የሚውለው።"

"እሱንም አስቧል። ረቡዕ ደወላችሁ ሲመታ ባንዳው ሁሉ ወደ ቤተ ክርስቲያን አይገባም? ደወሉን ከገደሉ ውስጥ ሆኖ ይጠብቃል። ሲሰማ ይወጣል፣ ልጁን አቅፎ ይሄዳል። ኢንሻአላህ።"

እውነቷን ነው። እነዚያ ባንዳዎች ሳምንቱን ሙሉ የሰው ቤት ሲያቃጥሉ ሰንብተው ረቡዕና ዓርብን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾሙ ነበር። ደወል ሲመታ ጠመንጃቸውን አጥሩ ላይ ደግፈው ይገባሉ፤ መንገዱም ጭር ይላል። ዘሃራን ለማንም እንዳትናገር አስማልኳት፤ "ወላሂ" አለች። እኔም ለማንም አልተነፈስኩም። አያ ቢተውማ የጣልያንን በቅሎ የሚያለብሱ ሰው ናቸው፣ እንዴት ብዬ። እንዲያውም ማክሰኞ ዕለት የሸመኑትን ተሸክመው ወደ ጦር ሰፈሩ ሲወጡ ከበሬ ሆኜ አይቻቸዋለሁ።

ረቡዕ ልጄን አዝዬ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ሕዝቡ በግቢው ውስጥ ጥላ ጥላውን ይዞ ተቀምጧል፤ ባንዳዎቹ ከእነአለቃቸው በራፉ ላይ ናቸው። አያ ቢተው እንደ ልማዳቸው እየቆሙ እየተራመዱ መጡ። አንድ ደወል ብቻ ነው የምፈልገው፤ ያ ደወል ከመታ ባሌ ልጁን ያያል።

"በይ ድንጋይሽን ያዢ" አሉኝ።

ቀጥ ብለው ቆሙ። የአናታቸው ጥላ ካረፈበት ላይ ድንጋዩን አኖርኩ። መቁጠር ጀመሩ። እኔም በልቤ አብሬ ቆጠርኩ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ዘጠነኛው ጫማቸው ድንጋዩን ነካው። በዓይኔ በብረቱ አየሁት። እሳቸው ግን እዚያው ድንጋዩ ላይ ቆመው ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ትንሽ ቆይተው ገለጡና፣ "ሰባት። ገና ነው" አሉ።

ከአጠገባቸው ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ፣ ሌላ የቆጠረ ሰው የለም። አፌን ከፈትኩና መልሼ ገጠምኩት። እሳቸውም ከደወሉ ሥር ሄደው ተቀመጡ።

ያንን ጊዜ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። ታደሰ ፀሐይ አይቶ ሰዓት ማወቅ የሚችል ሰው ነው። ዘጠኝ ሰዓት መሆኑን ያውቃል፣ ደወሉ ግን የለም። ወይ ነገር ተበላሽቷል ብሎ ልጁን ሳያይ ይመለሳል፣ ወይ ትዕግሥቱ አልቆ ያለ ደወል ይወጣና ባንዳዎቹ በራፉ ላይ እንደተቀመጡ ያገኙታል። ልጁ በጀርባዬ ላይ ይንፈራገጣል። ወገቤን በእጄ ይዤ ከአጥሩ እስከ ደወሉ እመላለሳለሁ። አያ ቢተውን በዓይኔ እበላቸዋለሁ፤ እሳቸው ጉልበታቸው ላይ እጃቸውን አኑረው ገደሉን ያያሉ።

የባንዳዎቹ አለቃ መጣ። "አያ፣ ፀሐዩ እኮ አዘቀዘቀ። ሆዳችንስ?"

"ጥላ ሆድ የለውም ጌታዬ። ይታገሡ" አሉት።

ሰው ሳቀ። አለቃውም እያጉረመረመ ተመልሶ ተቀመጠ። ከዚያ ዝም ተባለ። ጾም ያደከመው ሰው ዝምታ ነው፤ የሚያስል እንኳን አልነበረም። በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው ከላይ፣ ከደብረ ብርሃን በኩል፣ የበቅሎ ኮቴ የሰማነው።

ነጮች የሚመሩት ሠላሳ የሚያህል የበቅሎ ጦር ነው። ማንም አልጠበቀውም። ባንዳዎቹ ዘለው ተነሡ፣ ጠመንጃ አነሡ፣ አንዱ የሌላውን ይዞ ተራኮቱ። ጦሩ በቤተ ክርስቲያኑና በእኔ ጎጆ መካከል ባለው መንገድ ላይ ቆመ። መሪያቸው በባንዳው አለቃ ላይ ጮኸበት። አንዱ ነጭ ከበቅሎው ወረደና ወደ ጎጆዬ ሄዶ በሩን በእግሩ ገፋው። ራሱን አስገብቶ አየ። ምን እንደፈለገ አላውቅም፤ ውኃ ይሁን፣ ሰው ይሁን። ባዶ ቤት ነው ያገኘው። ተመልሶ ወጣና በቅሎው ላይ ተቀመጠ፤ ሁሉም ቁልቁል ወደ አሊዩ አምባ ወረዱ። መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ደወሉ በሰዓቱ ተደውሎ ቢሆን ታደሰ ልጁን አቅፎ እዚያ ጎጆ ውስጥ ነበር።

ኮቴው ሲርቅ አያ ቢተው ተነሡ። "በይ ድንጋይሽን" አሉኝ። አኖርኩ። ቆጠሩ። እኔም ቆጠርኩ። ዐሥራ አንድ ነበር።

"ዘጠኝ። ሞላ" አሉ፤ ሄደውም የድንጋይ ደወሉን መቱ።

ሁሉም ሲገባ ልጄን ይዤ ወደ ጎጆዬ ሮጥኩ። ታደሰ መጣ። ጢሙ አድጎ፣ ከስቶ፣ ሌላ ሰው መስሎ። ልጁን አቀፈው። ልጁ ጢሙን በሁለት እጁ ጨብጦ አልለቅ አለው፤ ታደሰም እንደዚያው ታንቆ ሳቀ፤ አለቀሰም። "ደወሉ ሲዘገይብኝ ያለ ደወል ልወጣ እግሬን አንሥቼ ነበር። ኮቴውን ሰምቼ ነው የተመለስኩት" አለኝ። ቅዳሴው ሳይወጣ ሄደ። ስለ ዘጠኙና ስለ ሰባቱ አልነገርኩትም፤ ጊዜም አልነበረን።

የባንዳው አለቃ በነጮቹ ፊት ተዋርዶ ነበር። ሰዎቹን ጠመንጃ አስደግፈው ተቀምጠው አግኝተዋቸዋል፤ ጥፋቱን የሚያላክክበት ሰው ፈለገ። ዓርብ ጠዋት አያ ቢተውን ከሽመና ጉድጓዳቸው ውስጥ አውጥተው አስረው ወደ ደብረ ብርሃን ወሰዷቸው። ደወሉን ሆን ብለው ነው ያዘገዩት፣ ደወሉ ለሽፍታ ምልክት ነው ተባለ። አርበኛውን ሽፍታ ነበር የሚሉት። ደወሉ እኮ እውነትም ምልክት ነበር። ያደረግነው እኔና ታደሰ፣ የታሰሩት እሳቸው። ሄጄ "እኔ ነኝ" ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። ልጅ አለኝ አልኩ፣ ባሌን አስይዛለሁ አልኩ። ይህንን ስጽፈው ዛሬም ፊቴ ይግላል።

ያን ገና ያለ እሳቸው አሳለፍነው። ደወሉን ቄሱ ነጮቹ ኋላ ለባንዳው አለቃ በሰጡት የእጅ ሰዓት እያዩ ደወሉት፤ አንድም ጊዜ አልዘገየም። ሁላችንም በጊዜ ገብተን በጊዜ ወጣን፤ እኔም ከዚያ ቅዳሴ አንድ ቃል አላስታውስም።

ለጥምቀት ጥቂት ሲቀረው ተለቀቁ። በሰው ትከሻ ተደግፈው ነው የመጡት። ውስጥ እግራቸውን ገርፈዋቸው ነበር፤ መርገጫቸው አብጦ ቅርጹ ጠፍቷል። ተልባ በጥብጬ ይዤ ገባሁ። ቀና ብለው አዩኝና እግራቸውን እያሳዩኝ፣ "ጣልያን ጫማዬን አሳደገልኝ። ከእንግዲህ ዘጠኝ ሰዓት ይዘገይባችኋል" አሉ። እኔ አለቀስኩ፤ እሳቸው ተልባውን ጠጡ።

"አያ ቢተው፣ ያን ቀን ስንት ነበር?"

"ሰባት።"

"ለጣልያንስ ምን አሉት?"

"ሰባት። ዘጠኝ ነበር ብለህ እመንና እንለቅቅሃለን አሉኝ። የቆጠርኩት ሰባት ነው አልኳቸው።"

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው የተምታታብኝ። አንድ ሰው ውስጥ እግሩን እየተገረፈ ለውሸት ይሟገታል? አይሟገትም። ታዲያ ሰባት ከነበረ እኔ ያየሁት ዘጠኝ ምን ነበር? ዋዜማውን ጦር ሰፈሩ ስለነበሩ ጦሩ እንደሚመጣ ሰምተው ይሆናል እላለሁ። ቢሰሙስ የታደሰን መምጣት በምን አወቁ? ዘሃራ "ወላሂ አልተናገርኩም፣ ቀደር ነው፣ የአላህ ውሳኔ" ትላለች። ቄሱ ተአምር ነው አሉ፤ ቄሱ ግን በግ ሲጠፋና ሲገኝም ተአምር ነው የሚሉ ሰው ናቸው። ጣልያን ከአገር ወጥቶ ታደሰ ቤቱ ሲገባ ሁሉን ነገርኩት። "ሽማግሌ ናቸው፣ ዓይናቸው ደክሞ ተሳስተው ይሆናል" ብሎ ነገሩን ዘጋው። ሁለት ጊዜ? በሁለት በሁለት ጫማ? እያንዳንዱን መልስ ስይዘው ለጊዜው ያሳርፈኛል፤ ሌሊቱ ሳይነጋ ያመልጠኛል።

የባሰው ደግሞ ይህ ነው። እሳቸውን ያከበርኳቸው ለሰዓቱ በነበራቸው እውነተኛነት ነበር። ለእግዚአብሔር ብለው ነው የሚለኩት፤ አንዲት ጣት እንኳን ጨምረው ቀንሰው አያውቁም። ባሌን ያተረፈልኝ ውሸታቸው ከሆነ፣ የምወዳቸውን ያን ነገራቸውን ለእኔ ሲሉ ሰበሩት ማለት ነው። እውነታቸው ከሆነ ደግሞ ዓይኔን ማመን ትቼ የማላውቀውን ነገር ማመን ሊኖርብኝ ነው። የትኛው እንደሚሻለኝ እንኳን መምረጥ አልቻልኩም።

ወደ ደብረ ብርሃን ከተዛወርን በኋላ በየዓመቱ በጾሙ ወርጄ አያቸው ነበር። በየዓመቱም እጠይቃለሁ፤ በየዓመቱም "ሰባት" ይሉኛል። ለመጨረሻ ጊዜ የሄድኩት ባለፈው የገና ጾም ነው። ደወሉን ለሌላ ሰው አስረክበዋል፣ ዓይናቸውም ጠፍቷል። ከቤታቸው ደጃፍ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው በድምፄ ለዩኝ። ተቀመጥኩ። ስለ ልጁ ጠየቁኝ፣ ስለ ታደሰ ጠየቁኝ። ሁሉንም ቀስ ብዬ ነገርኳቸው፤ እኔም ያን ጊዜ መቸኮሉ ቀንሶልኛል።

"አያ ቢተው፣ ከእንግዲህ የሚያስፈራ የለም። ታደሰ ቤቱ ነው። ሞት ሳይቀድመን እውነቱን ይንገሩኝ። ያን ቀን ዘጠኝ ነበር" አልኳቸው።

እንደ ሌላ ጊዜው "ሰባት" አላሉኝም። ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

"አንቺ ዘጠኝ አየሽ?"

"በዓይኔ በብረቱ።"

"ባልሽ ደወሉን ይጠብቅ ነበር። ዛሬ አገር ያወቀው ነው።"

"አዎ።"

"እዚያ ግቢ ውስጥ ከነበረው ሰው ሁሉ ደወሉ እንዲመታ የምትፈልጊው አንቺ ነበርሽ።"

"እኔ ነበርኩ።"

"ዝም የሚል አፍም አልፈጠረብሽም። ስሳሳት ታርሚኝ ነበር፤ በማይረባው ሁሉ ትሟገቺኝ ነበር።" ሱረታቸውን በዳበሳ ፈልገው አወጡ። "ታዲያ ዘጠኝ ነው ለምን አላልሽም?"

ልመልስ ብዬ ቃል ፈለግሁ። ፈርቼ ነው ልል ነበር፤ አልፈራሁም፣ ሌላው ፍርሃት ሁሉ ከኋላ የመጣ ነው። አክብሬያቸው ነው ልል ነበር፤ እኔ እሳቸውን በዚያ ዓይነት አክብሬ አላውቅም። ጦሩ መምጣቱን አላውቅም ነበር። ደወሉን ከሕይወቴ አብልጬ እፈልገው ነበር፤ አንድ ቃል ብቻ ነው የጎደለው፤ ያችን ቃል ሳልላት ቀረሁ። ስንት ዓመት ሙሉ ሰውየውን ስጠይቅ፣ ይህንን አንድም ጊዜ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

"እንጃ" አልኳቸው።

አያ ቢተው ራሳቸውን ነቀነቁ። እጄን ፈልገው ያዙኝ።

"እኔም እንጃ" አሉ።